በበሬ ጋሪ ወደ ጅዳ

መካነ ሰላም፣ የካቲት አጋማሽ

እህቴ ሆይ፣

አሰላሙ አለይኪ። ጤናሽ እንዴት ነው? ያ ምንጣፍ ስታራግፊ የሚይዝሽ ትከሻሽስ ተሻለሽ? እኛ አልሐምዱሊላህ ከትልቅ እስከ ትንሽ ደህና ነን። ልጆችሽ ደህና ናቸው። ፍየሏም ደህና ናት፤ ሁለት ወልዳለች። እኔም ደህና ነኝ፤ ፀጉሬ ብቻ ነው ሳይሰናበተኝ የሄደው።

ደብዳቤ የጻፍኩልሽ የስልኩ ነገር አስቸግሮኝ ብቻ አይደለም። መስመሩ ሲገኝ አንቺ ታለቅሻለሽ፣ እኔ እቀልዳለሁ፣ ልጆቹ ስልኩን ይነጥቁኛል፣ ከዚያ ይቋረጣል። ቁም ነገር ሳንነጋገር ስንት ወር ሆነን። ኡምኩልሱም እረፍቷን ጨርሳ ቅዳሜ ወደ ጅዳ ስለምትመለስ በእጇ ልኬዋለሁ። እንዳታነበው አስምያታለሁ። ኡምኩልሱም፣ እዚህ ድረስ ካነበብሽ ሰላም ብያለሁ።

የጠየቅሽኝን አልረሳሁም። አሠሪዎችሽ ሁለት ዓመት ጨምሪ ብለውሻል፤ መልሱን እስከ ወሩ መጨረሻ ይፈልጋሉ። አንቺ ደግሞ ልጆቹን ሳታስደነግጥ በዘዴ ጠይቅልኝ ብለሽኛል። እኔ ወደ ነገር በቀጥታ ሄጄ እንደማላውቅ ታውቂያለሽ። መጀመሪያ የጋሪውን ነገር ልንገርሽ።

ኡምኩልሱም ስትመጣ የላክሽው መጽሐፍ ደርሶናል፤ ያ ማዳምሽ ልጆቿን እቤት ስታስተምርበት የነበረው፣ የአሜሪካ ሰፋሪዎች በሸራ በተሸፈነ ጋሪ አገር ሲያቋርጡ የሚያሳየው። የኛም ትምህርት ቤት በምታውቂው የጸጥታ ነገር እስካሁን አልተከፈተም። ስለዚህ ከስድስተኛ ክፍል በገዛ ፈቃዴ የወጣሁት ወንድምሽ መምህር ሆኛለሁ። በየጠዋቱ፣ ወደ ሬዲዮ ጥገናዬ ከመግባቴ በፊት፣ መዝገበ ቃላቱን በግራ መጽሐፉን በቀኝ አድርጌ እተረጉምላቸዋለሁ። ያልገባኝን ከራሴ እሞላለሁ። ሃሩን ዘጠኝ ዓመት ስለሞላው ይጠረጥረኛል። ሀጀራ ገና ስድስቷ ነው፤ ሁሉንም ታምነኛለች፤ ይህ ደግሞ ከመጠርጠሩ ይልቅ ያስፈራኛል።

መጽሐፉ ለልጆች የእጅ ሥራ ይሰጣል። አንደኛው ወተት ጠርሙስ ውስጥ አድርጎ ቅቤ እስኪወጣው መናጥ ነው። ይህን ስነግራት ሀጀራ ገርሟት አየችኝ። የጎረቤታችን የጋሽ ንጉሡ ባለቤት እትዬ ወርቄ ይህንኑ በየሳምንቱ እንደሚሠሩ፣ ማንም ግን ሥዕላቸውን መጽሐፍ ላይ እንዳላወጣላቸው አስረዳችኝ። ሃሩን ደግሞ ሰፋሪዎቹ የሄዱበት አገር ሰው አልነበረበትም ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ገልብጬ ገልብጬ ፈለግሁ፤ መጽሐፉ ዝም ብሏል። እናትህ ማዳሟን ትጠይቅልን አልኩት። እንግዲህ ጠይቂያት።

የመጨረሻው ሥራ ከወተት ካርቶን ትንሽ ጋሪ መሥራት ነበር። እኔ እዚህ የወተት ካርቶን ከየት አመጣለሁ? ጋሪ ግን ነበረኝ። አንድ ሰው ጠግንልኝ ብሎ ግቢያችን ጥሎት የጠፋ የአህያ ጋሪ ነው። ጎማዎቹን ነፋሁ፤ እርጥብ የባሕር ዛፍ ዘንግ አጉብጬ ጣሪያ አበጀሁለት፤ በላዩ የእህል ማስጫውን ሸራ አለበስነው። ከፊት ለፊቱም መቀመጫ ተሠራለት፤ ሁለት ሰው የሚይዝ።

ሃሩን ካርታ ሣለ። መጽሐፉ ጉዞው ወደ ምዕራብ ነው ይላል፤ ሀጀራ ግን ወደ ጅዳ ካልሆነ አልሳፈርም አለች። ከመካነ ሰላም አቀስታ፣ ከአቀስታ ደሴ፣ ከዚያ ቁልቁል በረሃው፣ ከዚያ ባሕሩ። ባሕሩን ምን ልናደርገው ነው አልኳት። ገጹን ገልጣ ሰፋሪዎቹ ጋሪያቸውን እንደ ታንኳ አንሳፍፈው ወንዝ ሲሻገሩ አሳየችኝ። መምህሩ እዚህ ላይ ተረታ።

ሌላም ሕግ አለ። ጋሪው ጠባብ ስለሆነ እያንዳንዱ ልጅ አምስት ነገር ብቻ ይጭናል። ሃሩን ኳሱን፣ ገመድ፣ የእጅ ባትሪ፣ የጎማ መንፊያዬን እና እኔን መረጠ። መኩራቴን ሲያይ ጋሪው ቢሰበር እንድጠግን ብሎ መሆኑን ወዲያው ነገረኝ። ሀጀራ ምንም አልጫነችም። የፊት መቀመጫው ላይ ማንም ዕቃ እንዳያስቀምጥ ብቻ አዘዘች፤ ሃሩን ኳሱን ቢያኖርበት አንስታ ወረወረችው።

አህያ ላምጣ ብል ሃሩን እምቢ አለ፤ መጽሐፉ ላይ የሚጎትተው በሬ ነው። ስለዚህ መጽሐፉን ይዤ ጋሽ ንጉሡ ዘንድ ሄድኩ። በሬ ጋሪ ሲጎትት የት አይተህ ነው አንተ ቀልደኛ ብለው ጀመሩኝ። ሥዕሉን አሳየኋቸው። ቀንበሩ ያለ ቦታው መታሰሩን ነቀፉ፤ በሬዎቹ ግን ደህና መሆናቸውን መሰከሩ። ከዚያ ሥዕሉን ለረጅም ጊዜ አዩት። እሳቸው በሰባ ሰባት ለሠፈራ ተወስደው በእግራቸው የተመለሱ ሰው መሆናቸውን ታውቂያለሽ።

«እነዚህስ ሰዎች ተመለሱ?» አሉኝ።

መጽሐፉ አልተመለሱም እንደሚል ነገርኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁና መጽሐፉን መለሱልኝ። እንግዲያው ልጆቹን እኔው ራሴ ነኝ የምነዳቸው አሉ። ቀኑን መምረጥ ደግሞ ሌላ ጣጣ ሆነ። ቅዳሜና እሑድ በሬ አይጠመድም፤ ጁምዓ እኔ እሰግዳለሁ፤ የቀሩትንም በጣታቸው እየቆጠሩ ለየቅዱሳኑ አከፋፈሏቸው። በመጨረሻ ለሐሙስ ተስማማን።

ሐሙስ ጠዋት የሰፈሩ ሰው ሁሉ ወጣ። ሁለቱ በሬዎቻቸው፣ ቦራና ዳልቻ፣ ተጠመዱ፤ ቀንበሩን በመሀል ከጨመርነው ረጅም እንጨት ጋር በጠፍር አሰርነው። ሀጀራ መቀመጫው ላይ ወጣች። ሃሩን ካርታውን ይዞ ከሸራው ሥር ገባ። እኔ ከኋላ በእግሬ ነኝ፤ ጭነት መሆኔን ግን አልረሳሁም። ጋሽ ንጉሡ ጅራፋቸውን ሲያጮሁ በሬዎቹ ነቅነቅ አሉና፣ ወላሂ፣ ጋሪው ሄደ።

ከደጃችን በታጨደው እርሻ ላይ ቀጥ ብለን ወረድን። ሃሩን አቀስታ መድረሳችንን አወጀ። ትንሽ ቆይቶ ደሴ ገባን። እርሻው አለቀ፤ መንገዱ ገና ከፊታችን ነው። ይኼኔ ቦራና ዳልቻ ዞሩ።

ማንም አላዘዛቸውም። በትልም መጨረሻ ላይ እንደለመዱት፣ አንዱ ቆም ሌላው ሰፋ ብሎ፣ ጋሪውን ከነጭነቱ ይዘው ተጠመዘዙ። ሸራው ተንጋደደ፤ ኳሱ ተንከባለለ፤ የጎማ መንፊያው እግሬ ላይ ወደቀ። ጋሽ ንጉሡ ጮኹ፤ ጎተቱ፤ በሬዎቹ ግን ፊታቸውን ወደ ደጃችን አዙረው በኩራት ይራመዳሉ። ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ስወቅሳቸው ጋሽ ንጉሡ ተቆጡ። ስድስት ዓመት ሙሉ ትልሙ ሲያልቅ ተመለስ ያልኩትን በሬ ዛሬ ጅዳ ድረስ ቀጥ በል ልበለው ወይ ብለው ጠየቁኝ።

ሃሩን ግን ሊያለቅስ ደረሰ። በረሃው አልተነካም፤ ባሕሩ እንዳለ ነው፤ ሳንደርስ እንዴት እንመለሳለን እያለ ካርታውን ያርገበግባል። ሀጀራ ከመቀመጫዋ ዘወር ብላ አየችው።

«ደርሰናል እኮ፤ አንተ ካርታ ስታይ ነው። እማን ይዘናት እየተመለስን ነው» አለችው።

ይህን ብላ ወደ ዳር ተጠጋች። በሁለት ሰው መቀመጫ ላይ ብቻዋን ሆና ዳሩን ይዛ ተጣበበች። ሰው አጠገቧ እንዳለ ቀሚሷን ሰበሰበች። ጋሪው ጉድጓድ ገብቶ ሲናጥ ደግሞ እጇን ዘርግታ ባዶውን ቦታ ደገፈችው። ሰዉ ገና ይስቃል። ጋሽ ንጉሡ ግን አይተዋት ኖሮ ጅራፋቸውን ከብብታቸው ሥር አደረጉና ወደ በሬዎቹ ጎንበስ አሉ።

«ቀስ በሉ እንጂ፤ ሰው ጭነናል» አሏቸው።

በሬዎቹም ቀስ አሉ። እስከ ደጃችን እንደዚያው ሄድን። እዚያ ስንደርስ ሀጀራ ዘልላ ወረደችና እናቴን አውርዳት ብላ አዘዘችኝ፤ ደክሟታል፣ ከሩቅ ነው የመጣችው። እኔ በሰው ሁሉ የምቀልደው ሰውዬ፣ በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት፣ ባዶ አየር ደግፌ አወረድኩሽ። ወፍራለች እኮ፣ ወገቤን ሰበረችኝ ብዬ ብቀልድ እስከ ምሳ አኮረፈችኝ። እትዬ ወርቄ ቤት በላን። አንድ ሳህን ተርፎ ነበር፤ ማን እንዳስቀረበው አላየሁም።

እንግዲህ እህቴ፣ በዘዴ ጠይቅ ብለሽኝ ነበር፤ ልጆቹን ምንም አልጠየቅኋቸውም። ለአሠሪዎችሽ የምትመልሺውን የምታውቂው አንቺ ነሽ። እኔ የነገርኩሽ የበሬ ነገር ነው።

የጋሪው ባለቤት ትናንት ከጠፋበት መጥቶ ጋሪውን ወሰደ፤ ጣሪያውን ሲያይ ግራ ገብቶት ነበር። መቀመጫውን ግን ነቅዬ አስቀርቻለሁ። ከደጃፉ አጠገብ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። ሀጀራ ጠዋት ጠዋት ዳሩ ላይ ተቀምጣ ፊደሏን ትቆጥራለች። እናታችን ትሰግድበት የነበረውን አጎዛ፣ ያንን ማንም እንዳይነካብኝ ብዬ ስደብቀው የኖርኩትን፣ አራግፌ አንጥፌበታለሁ። ታዲያ ይህን የሁለት ሰው መቀመጫ ማን ሠራው ብለሽ ብትጠይቂ፣ ሀጀራ መዶሻ ማንሳት አትችልም። ሃሩንም ሰፋ አድርገው አላለኝም። ጅዳ የሚባለውም ነገር የተነሳው መቀመጫው ከተቸነከረ ከሁለት ቀን በኋላ ነው። ሌላ አትጠይቂኝ።

አላህ ትከሻሽን ከሕመም፣ ልብሽን ከሐሳብ ይጠብቅልሽ። የምትረግጪውን መንገድ ሁሉ ኸይር ያድርግልሽ። ጋሽ ንጉሡ በማርያም ብለው፣ እትዬ ወርቄ እልፍ ብለው ሰላም ብለውሻል። ማዳሟንም ስለ መጽሐፉ አመስግኚልን፤ የቅቤውን ምዕራፍ ግን እትዬ ወርቄ ሊያርሙት ይፈልጋሉ በያት። ኡምኩልሱም፣ አንቺ ከሆንሽ በቃ እጠፊው።

የልጆችሽ መምህር፣
ወንድምሽ