ሰርቦ ላይ ያበበው ቁማር

ጅማ፣ የካቲት 19 ቀን 1973 ዓ.ም.

የቁማር ተቆጣጣሪ ከሆንኩ ጀምሮ ስንት ካርታ ቤት አሽጌአለሁ። እንደ ዛሬ አፌን ከፍቼ የቀረሁበት ቀን ግን የለም።

የሰርቦ ገበሬዎች በጊደር ይቆምራሉ የሚል ጥቆማ ደርሶን በማለዳ ሄድኩ። የሚወራረዱት የመጀመሪያው ዝናብ ከጣለ በስንተኛው ቀን ቡናው ያብባል በሚለው ነው። ላስቆማቸው ማሳው ዳር ስደርስ ሁሉም ወደ ጋራው አንጋጠው ቆመዋል። ቀና አልኩ። ትናንት አረንጓዴ የነበረው ጋራ በአንድ ሌሊት በቡና አበባ ነጭ ሆኗል። ሽታው ጉሮሮ ድረስ ይገባል። ባርኔጣዬን መቼ እንዳወለቅሁት አላውቅም።

«ማን አሸነፈ?» አልኩ በመጨረሻ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

«እኔ ነኝ፣ ማሻአላህ» አሉ አባ ዲጋ የሚባሉት ሽማግሌ። «ጊደሯን ግን አርደን ሁላችንም እንበላታለን፤ ደንባችን ነው። ታዲያ ልታስረን ነው፣ ልጄ?»

«ኧረ አባ፣ ማንንም አላስርም» አልኳቸው። ለአለቃዬ ምን እንደምል እስካሁን አላውቅም።

መኪና ውስጥ ልገባ ስል አባ ዲጋ ተከተሉኝ። «አንተስ፣ ለከርሞ በስንተኛው ቀን ትላለህ?»

«በስምንተኛው።»

ከአፌ አመለጠኝ። ገበሬዎቹ ሁሉ ሰምተዋል። አንድም ሰው አልሳቀም፤ ውርርዱ ውስጥ ገብቻለሁ ማለት ነው።