ያልተጻፉት ሦስት ወፎች

መጀመሪያ የተሰማው ይብራ የሚባሉት የውሃ ወፎች ጩኸት ነው። ጥር 9 ቀን 1945 ዓ.ም. ሊነጋጋ ሲል፣ አጎታችን ተወልደው ገና ፊታቸውን ማንም በወጉ ሳያየው፣ ከቤቱ ጀርባ ካለው ረግረግ የተነሣው ጩኸት ክፍሉን ሞላው። አባታቸው የቧንቧ ሠራተኛ፣ እናታቸው ልብስ ሰፊ ነበሩ።

ሁለተኛ ደረጃን እንደጨረሱ የሬዲዮ ጥገና ተምረው፣ ከአውቶቡስ ፌርማታው ፊት ለፊት በምትገኝ ባለ አንድ በር ሱቅ ለአርባ ዓመት ሠሩ። የተበላሸ ሬዲዮ ሲመጣላቸው ክዳኑን ሳይከፍቱ፣ ጆሯቸውን አስጠግተው ብቻ ችግሩን ይናገሩ ነበር። በ1971 ዓ.ም. የመድኃኒት ቤት ሠራተኛ የነበሩትን ባለቤታቸውን አግብተው አንዲት ሴት ልጅ ወለዱ። ባለቤታቸው ቀድመዋቸው ዐርፈዋል።

ከ1976 ዓ.ም. ጀምሮ በየዓመቱ በጥር የመጀመሪያ እሑድ፣ በረግረጉ ስንት ዓይነት ወፍ እንዳለ ይቆጥሩ ነበር። ሰፈሩ “ወፎ” አላቸው። ታላቅ ወንድማቸውም “ሰው ቤት ይሠራል፣ የኛው ወፍ ይቆጥራል!” እያሉ በዘመድ ፊት ያስቁባቸው ነበር። የሳቅነውም እዚሁ አለን።

ቆጠራው ጨዋታ አልነበረም። የወፉ ዓይነት ከሰማንያ እስካላነሰ ድረስ ረግረጉ አይነካም የሚል የአካባቢ ጥበቃ ቢሮ ደንብ ነበር። ለቢሮው በሚገባው የቆጠራ ቅጽ ላይ ሁለት ሰው ይፈርማል፤ ከሁለቱ አንዱ ያየው ወይም የሰማው ይጻፋል። ልጃቸው ካደገች ወዲህ ሁለተኛዋ ፈራሚ እሷ ነበረች።

ስልሳ ዓመት ሲያልፋቸው ጆሯቸው ደከመ። ትልልቆቹን ይሰማሉ፤ በሸምበቆው ውስጥ የሚደበቁትን፣ ድምፃቸው እንደ ክር የቀጠነውን ትንንሾች ግን አይሰሙም። ለማንም አልተናገሩም። ኩራት ነበረባቸው፤ ይህም ይጻፍ። ልጃቸው ገብቷት፣ ቀጭኑን ድምፅ ስትሰማ እጅጌያቸውን ሳብ አድርጋ የወፉን ስም ትነግራቸዋለች፤ እሳቸውም ይጽፋሉ።

በ2013 ዓ.ም. ልጃቸው አራስ ነበረች። ረግረጉ ተደልድሎ መጋዘን እንዲሠሩበት ስንት ጊዜ ያመለከቱት ታላቅ ወንድማቸው “እኔ አለሁልህ አይደል? ከወንድምህ ሌላ ማን አለህ?” ብለው አብረዋቸው ወጡ። ያ ሁሉ ፌዝ ቀርቶ ይህን ሲሰሙ አጎታችን እንደ ልጅ ደስ አላቸው። ቀኑን ሙሉ በሸምበቆው ዳር እየሄዱ “የሰማኸው ነገር አለ?” ይላሉ። ወንድማቸው “ምንም፤ ጭጭ ነው” ይላሉ። ሰባ ሰባት ተጻፈ። ሁለቱም ፈረሙ።

ልጃቸው ሰውነቷ ጠንከር ሲል ሄዳ ብታይ፣ የጎደሉት ሦስቱ ገና ከመግቢያው ይንጫጫሉ። ቢሮው “የተፈረመ አይቀየርም” አለ። በሰኔ የጭነት መኪናዎች አፈር መገልበጥ ጀመሩ። ዛሬ ለቀብር ስትመጡ በመጋዘኑ አጠገብ አልፋችኋል።

አጎታችን ከዚያ ወዲህ ከቤት መውጣት ተዉ። በኩላሊት ሕመም ሲሠቃዩ ቆይተው ነሐሴ 3 ቀን 2015 ዓ.ም. በሰባ ዓመታቸው ዐርፈዋል። ልጃቸውን፣ አንዲት የልጅ ልጅና አንድ ወንድም ትተዋል። ነፍሳቸው ቀጭኑም ድምፅ በሚሰማበት ቦታ ትረፍ።

“ከወንድማቸው ጋር ታርቀው ዐረፉ” የሚል እዚህ እንዲገባ ከቤተሰብ ተጠይቋል። አይገባም። የሆነው ይህ ነው፦ ሊያርፉ ሁለት ቀን ሲቀራቸው ወንድማቸው ብርቱካን ይዘው ሆስፒታል መጡ። ወደ አጎታችን ጆሮ ጎንበስ ብለው፣ ክፍሉ ሁሉ እስኪሰማ፣ “ያለፈው አለፈ፣ የእናቴ ልጅ!” አሉ። አጎታችን ዓይናቸውን ከወንድማቸው ሳይነቅሉ “ያን ቀን ሰምተሃቸው ነበር?” ብለው ጠየቁ። መድኃኒት ልትሰጥ የገባችው ነርስ ባለችበት ቆመች። ልጃቸው የመንገዱ ጫጫታ መልሱን እንዳይውጠው መስኮቱን ዘጋች። ወንድማቸው ኮፍያቸውን ከአልጋው ጫፍ አንሥተው ወጡ።