አባባ ጉድጓድ ሲሞላ

ለውድ እህቴ ለእትዬ ካሱ፣

እንደምን ሰንብተሻል? ጤናሽስ እንዴት ነው? ደረጃ ስትወጪና ስትወርጂ የሚነሳብሽ የጉልበት ሕመም ለቀቀሽ ወይ? አሠሪዎችሽስ አሁን በደንብ ያሳርፉሻል? የኩዌት ሙቀት በረድ ብሎላት ይሆን እያለች እማዬ በየቀኑ ትጠይቀኛለች፤ እኔ ምን አውቄ! እኛ ፈጣሪ ይመስገን ሁላችንም አለን። እማዬ ደህና ናት፣ ባለቤቴ ሃዋኒ ደህና ናት፣ ልጄ ቃለአብም ትምህርቱን ጀምሯል። እኔ ግን እትዬ፣ ደክሞኛል።

በስልክ ለምን አልነገርከኝም እንዳትዪኝ። አንቺ ስትደውዪ አባባ አጠገቤ ጆሮውን ቀስሮ ይቀመጣል፤ ሁለት ቃል ሳልናገር ስልኩን ይነጥቀኛል። ነገሩ ደግሞ የእሱ የራሱ ነው። የጎረቤታችን የዘርፈሽ ልጅ ሀና ወደ አንቺ አገር ልትመጣ ነው ሲሉኝ በእሷ እጅ ደብዳቤ ልላክልሽ ብዬ ተነሳሁ።

እኔ አሁንም ሚኒባሷን ይዤ ከአምቦ ሸነን ነው የምመላለሰው። ዘንድሮ በእኛ መስመር ለሙከራ ተብሎ አዲስ ክፍያ መጣብን። የኤሌክትሪክ መኪና እየበዛ ነው፤ እሱ ነዳጅ ስለማይቀዳ ለመንገድ ጥገና ከነዳጅ ላይ የሚቆረጠውን አይከፍልም። ስለዚህ ሁሉም በነዳው ኪሎ ሜትር ልክ ይክፈል ተባለ። ሲሰሙት ክፉ አይደለም። መኪኖቻችን ላይ ትንሽ ቆጣሪ ገጥመውልን ሄዱ። ግን እትዬ፣ የሸነንን መንገድ ታውቂው የለ? ጉድጓድ ሸሽቼ በሰው ማሳ ዳር ስዞር ይቆጠራል፤ ጭቃ ይዞኝ ወደ ኋላ ስመለስም ይቆጠራል። መንገዱ በተበላሸ ቁጥር እኔ የምከፍለው ይጨምራል። ይኼ ምን ይባላል?

ክረምት ሲወጣ የምናደርገውን አትረሺውም መቼም። መስቀል እንዳለፈ ሾፌሩ ሁሉ ከወንዝ ድንጋይና ጠጠር በማዳበሪያ ከረጢት እየጫነ ቁልቁለቱ ላይ ያራግፋል፣ የመንገድ ዳር ገበሬው ዶማና አካፋውን ይዞ በደቦ ይወጣል፣ እማዬም ቆሎና ጠላ ይዛ ትወርዳለች። ማንም ሳያዘን መንገዱ እስከሚቀጥለው ክረምት ያደርሰን ነበር። ዘንድሮ ክፍያው ሲመጣ ግን የሾፌሮች ማኅበራችን ተሰበሰበና፣ ከእንግዲህ ገንዘቡን የወሰደ ይሙላው፣ አንዲት ድንጋይ ያወረደ ሾፌር ለሁለት ሳምንት ሰው የመጫን ተራ ያጣል ብሎ ወሰነ። እኔም እጄን አውጥቻለሁ። አሁንም ቢሆን ተሳስተናል ለማለት አልደፍርም፤ ለአንድ መንገድ ሁለቴ እንዴት ይከፈላል? ገበሬውም ይህን ሲሰማ፣ ሾፌሩ ከከፈለ እኛ በነፃ የምንለፋው ለማን ብለን ነው ብሎ ዶማውን ሰቀለ። ገንዘቡን የሚሰበስቡት ደግሞ እስካሁን ብቅ አላሉም። በጀት እየተጠበቀ ነው ይሉናል።

አንድ ሰው ብቻ ቀረ፤ አባባ።

ባለፈው ዓመት ያን ያህል ለፍተሽ የሆዱን ቧ በኦፕራሲዮን ስታሳክሚው፣ ሐኪሙ ከባድ ነገር እንዳያነሳ አደራ ብሎን አልነበር? እሱ ግን ከቤታችን በታች ባለው ቁልቁለት ጠዋት ጠዋት ብቻውን ድንጋይ ማንከባለል ጀመረ። መጀመሪያ ያየሁት ቀን ወደ ሸነን ሰው ሞልቼ እየሄድኩ ነበር፤ ከኋላዬ ደግሞ ቦጂያ የሚባል የማኅበራችን ሾፌር ይከተለኛል። ክላክስ ነፋሁለት እንጂ አልቆምኩም። እሱ እጁን አውለበለበልኝ።

እሁድ እነአባባ ቤት ሄጄ ተቆጣሁት። ተው እንጂ አባባ፣ ይኼ የመንግሥት ሥራ ነው፣ እኔም በየኪሎ ሜትሩ እየከፈልኩበት ነው አልኩት። ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? መንግሥት መቼ እንደሚመጣ አላውቅም፣ አንተ ግን ነገ ጠዋት በዚህ ታልፋለህ አለኝ። እማዬም ከጓዳ ሆና፣ እሱን ማን ችሎት ያውቃል አለችኝ።

ባለፈው ማክሰኞ ወደ አምቦ ስመለስ መንገዱ ዳር ተቀምጦ አገኘሁት። በአንድ እጁ ሆዱን ይዟል፣ ፊቱ አመድ መስሏል። እትዬ፣ ክው አልኩልሽ። መኪናውን መሀል መንገድ አቁሜ ወረድኩ። ትንሽ ወጋኝ እንጂ ደህና ነኝ፣ አንተ ተሳፋሪ አታጉላላ ይለኛል። ተሳፋሪውም ረፈደብን ማለት ጀምሮ ነበር። ኋላ ገበያ የሚሄዱ አንዲት እናት ዶሯቸውን ለጎናቸው ሰው አስይዘው ወረዱና፣ ሽማግሌው ይረፉ፣ እኛ እንጨርሰው አሉኝ። ይህን ጊዜ ሌላውም አፍሮ ወረደ። ጉድጓዱን ሞላነው። ቦጂያም ከኋላ ደርሶ ቆሞ አየን፤ እሱም በሞላነው ላይ እየተንሸራሸረ አለፈ።

ወሬው ከእኔ ቀድሞ አምቦ መናኸሪያ ደረሰ። የማኅበራችን ሊቀመንበር ኦቦ ጂራ ከልባቸው አዝነዋል። አባትህ ለእኔም አባት ናቸው፣ ግን አንተን ካለፍኩህ ነገ ሁሉም አባቱን ይዞ ይመጣል አሉኝ። ምን ይፈረድባቸዋል? ተራዬን አጣሁ። አባባን ጤና ጣቢያ ወስጄው ስፌቱ አልተከፈተም፤ ከደገመው ግን ለሕይወቱ ያሰጋዋል ብለውኛል። ይኸው እሱን ልጠብቅ ብዬ እዚሁ ቤት ተቀምጫለሁ።

መጀመሪያ ልጽፍልሽ የተነሳሁት ቆጣ ብለሽ ተው እንድትዪው ነበር፤ ከሁላችን የሚፈራው አንቺን ነውና። አሁን ሳስበው ግን ለአንቺ እሺ ይልና ተደብቆ ይወጣል። በእኔ የተነሳ እንዳይሞትብኝ ፈራሁ፣ እትዬ። ስለዚህ ተው አትበይው። ወንድሜ ኦሊቃ ሳይመጣ አንዲት ድንጋይ እንዳታነሳ በይው። ተራዬ ሲመለስልኝ በጠዋት እየመጣሁ ትልልቁን እኔ አነሳለሁ፣ እሱ አፈሩን ያልብስ። ደግመው ቢቀጡኝም ይቅጡኝ። ክፍያውንም እከፍላለሁ፣ ድንጋዩንም እሸከማለሁ። ምን ላድርግ፣ አባቴ ነው።

እማዬ አካም ጅርታ ኢንተለ ኮ፣ እንደምን አለሽ ልጄ፣ አይንሽን ያሳየኝ ትልሻለች። ሃዋኒ የላክሽላት ሻሽ ደርሷት በየበዓሉ ታስረዋለች፤ በጣም አድርጋ ሰላም ትልሻለች። ቃለአብ አክስቴ መቼ ነው የምትመጣው ይላል። አባባም ለማን እንደምጽፍ አይቶ፣ ሰላም በልልኝ፣ አባትሽ ሥራ አቁሞ አርፏል በላት ብሎኛል። ይህን ሲለኝ በሩ ላይ ቆሞ ዶማው ትከሻው ላይ ነበር።

ናፋቂ ወንድምሽ ኦሊቃ

ከሸነን መንገድ ዳር፣ ከአባባ ቤት
ጥቅምት 20 ቀን 2018 ዓ.ም.