ስም ያልጻፍኩበት ተቃውሞ

ውድ እትዬ ጃለኔ፣

ሰላምዎ ይብዛ። በየእሁዱ እየተያየን ደብዳቤ መጻፌ ሳያስገርምዎት አይቀርም። ፊት ለፊት ለመናገር ድፍረት አጥቼ ነው።

የካዛንቺሷ አጥቢያችን የአስተምህሮ ኮሚቴ እንደ አዲስ ሊመረጥ ነው፤ እኔ የአስመራጮቹ ጸሐፊ ነኝ። ትምህርቱን የሚመረምር፣ ሰባኪ ሲስት የሚያርም ሰው ስንፈልግ ሁሉም ቀድሞ የጠራው የእርስዎን ስም ነው። ሰብሳቢያችን ጋሽ ሃብተአብ ግን እርስዎ ከአራት ዓመት በፊት ታጭተው ለምን እንደቀሩ ለማወቅ የድሮውን ፋይል አስወጡ።

እንደሚያውቁት የእጩዎች ስም ሁለት ሳምንት ይለጠፋል፤ ተቃውሞ ያለው በጽሑፍ ያስገባል። ያኔ በእርስዎ ላይ አንዲት ወረቀት ገብታ ነበር፤ «ጥያቄ ያበዛሉ፣ አገልጋይ ያሳፍራሉ» የምትል። ስም የላትም። የያኔዎቹ አስመራጮች ጭቅጭቅ ፈርተው ሰረዙዎት። የጻፍኳት እኔ ነኝ።

ምክንያቱን ያስታውሱታል። በወጣቶች ጉባኤ ስለ አንድነት ስሰብክ፣ መጽሐፈ ምሳሌ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ይላል አልኩ። ግማሹ ሕዝብ አሜን አለ። እርስዎ እስክጨርስ ታግሰው እጅዎን አወጡና፣

«ልጄ፣ ምዕራፉ ስንት ነው?» አሉኝ።

ሕዝቡ እያየኝ ሠላሳ አንዱንም ምዕራፍ አገላበጥኩ፤ በድር የታሰረው አንበሳ ግን የለም። የጠየቁኝ በቅንነት ነበር፤ እኔ ግን ቂም ያዝኩ። በኋላ ለሰርጌ ኮት ባምቢስ ሰፈር ካለው የልብስ ቁልፍ ሱቅዎ መጥቼ አንድ ሰዓት ሙሉ ቁልፍ ሲመርጡልኝ እንኳ ስለ ወረቀቷ ምንም አልተነፈስኩም።

ጋሽ ሃብተአብ ወረቀቷን ጮክ ብለው አንብበው ሲጨርሱ እኔ ነኝ አልኩ። መነጽራቸውን አውልቀው ትንሽ አዩኝና፣

«እንግዲህ ኢብሳ፣ ወይ ስምህን ጻፍባት፣ ወይ ሄደህ ከተበደሉት ጋር ጨርሳት» አሉኝ። ይህን ብለው ሳቅ አመለጣቸው፤ ሁሉም ሳቁብኝ። እኔም ሳቅኩ። አራት ዓመት እንደዚያ ቀሎኝ አያውቅም።

እትዬ፣ በድዬዎታለሁ፤ ይቅር ይበሉኝ። እጩነቱን መቀበል አለመቀበልዎን እስከ እሁድ ማሳወቅ ስላለብኝ ቅዳሜ ጠዋት ሱቅዎ እመጣለሁ። ኮሚቴውን እምቢ ካሉ ለጋሽ ሃብተአብ እነግራለሁ። እኔን እምቢ ካሉ ግን ለማን እንደምነግር አላውቅም።

የበደለዎት ልጅዎ፣
ኢብሳ