የኋላ ጎማ ኩሽኔታ

ቅዳሜ፣ ኅዳር 7 ቀን 2006 ዓ.ም.

እጄ እስክሪብቶ መያዝ አቅቶታል። የሞተር ሳይክሌን የኋላ ጎማ ኩሽኔታ ለማውጣት ከጠዋት ጀምሮ ስቀጠቅጥ ዋልኩ። ነጭ ጋዝ አፈሰስኩበት፣ የፈላ ውሃ ደፋሁበት፤ ንቅንቅ አላለም። አማቴ አቦይ ገብሩ ጥላው ሥር ወንበራቸው ላይ ሆነው ያዩኛል። ዕድሜያቸውን ሙሉ መካኒክ የነበሩ ሰው አንዲት ቃል አልተነፈሱም። እኔም እሳቸውን ከምጠይቅ ሞቼ እገኛለሁ አልኩ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ በንዴት ትልቁን መዶሻ አነሣሁ። ኩሽኔታው አልወጣም፤ የጎማው መሃል ብረት ተሰነጠቀ። ያን ጊዜ አቦይ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ወደይ፣ ልጄ፣ ከግራሶው ሥር ቀጭን የብረት ቀለበት አለች። እሷ ሳትወጣ እሱ አይወጣም።"

"ታዲያ ቀድመው አይነግሩኝም?" ብዬ ጮኽኩ። ባለቤቴ ደንግጣ ከቤት ወጣች።

"ለፋሲካ ፍሬኑን ስትፈታ ልርዳህ ብልህ፣ ጓደኞችህ ፊት 'እርስዎ አርፈው ይቀመጡ' አልከኝ። ይኸው ተቀምጫለሁ።"

ባለቤቴ ዞር ብላ ያየችው እኔን ነው። ሰኞ ኲሓ ድረስ ሥራ በምን እንደምሄድ አላውቅም።

ከሁሉ ያቃጠለኝ የመጨረሻው ነው። አቦይ ተነሥተው መጡ፤ ቀለበቷን በካቻቢቴ ፈልቅቀው አወጧት፤ ኩሽኔታው በሁለት ምት ወደቀ። አንሥተው እግሬ ሥር አስቀመጡልኝና ተመልሰው ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ።