ለአባዬ፦ ስለ ኤዶ ሆደን ደረጃ

የምወድህ አባዬ፣ አሰላሙ አለይኩም። አላህ ማረፊያህን ያስፋልህ። ከተለየኸን አንድ ዓመት ከሁለት ወር ሆነ። እማዬ ደህና ናት፤ ትራስህን ግን እስካሁን ማንም እንዲነካው አትፈቅድም። እዚህ ጅግጅጋ ያር ሰፈር ያለው ፎቶ ቤታችን አልተዘጋም። ፊት ለፊታችን ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ተሠርቶ ብርሃናችንን ወስዶብናል፤ አንተ ብትኖር ከባለቤቱ ጋር ሳትጣላ አትቀርም ነበር።

ያ አሮጌ የሩስያ ሌንስህም አለ። አንተ ባስቀረጽክለት ማያያዣ ቀለበት ዲጂታል ካሜራው ላይ አስሬ እሠራበታለሁ። ለማጥራት ሲዞር አሁንም ይይዛል፤ ያናድደኛል። ያስተማርከኝን አልረሳሁም፦ አንዱን በግራ ዓይን ቦታ አንሺ፣ ካሜራውን የሁለት ዓይን ርቀት ያህል ወደ ቀኝ ግፊና ሁለተኛውን አንሺ። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርገው ለሁለቱ ዓይን ሁለት መስተዋት ባለው መመልከቻህ ሲያዩአቸው ጠፍጣፋው ፎቶ ጥልቀት ያወጣል። በመሀል ሰው ከተንቀሳቀሰ ግን ሁለቱ አይገጥሙምና ትቀድደው ነበር። እማዬ የሳቀችበትን ሳይቀር ቀደድከው! እሱን እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩህም።

የምጽፍልህ እንደ አክስት በሶማልኛ «ኤዶ» ስለምላት ስለ ሆደን ነው፤ በስደት ድንበር ተሻግራ ጅግጅጋ ከተማ ሳለች አማርኛ ስለለመደችው ጎረቤታችን። ጦርነቱ ካፈረሰው ቤቷ የተረፈው የድንጋይ ደረጃው ብቻ እንደነበር ታውቃለህ። ወንድሞቿ አዲስ ቤት ሊሠሩበት ለባለፈው ሐሙስ ሎደር ተከራዩ። ዋዜማውን እኔ ዘንድ መጥታ፣ ደረጃው ከመፍረሱ በፊት እላዩ ላይ ተቀምጣ እንዳነሣት ለመነችኝ፤ ያውም ባንተ ዘዴ፣ ጥልቀቱ እንዲታይ። በጦርነቱ ድብደባ የሞተችው ልጇ በዚያ ደረጃ ነበር እየሮጠች የምትወርደው። እንዴት እምቢ ልበላት?

ሐሙስ ጠዋት ስደርስ የሎደሩ ሞተር ተነሥቷል። ሹፌሩ በሶማልኛ ቶሎ በይ እያለ ይጮኻል፣ ወንድሞቿ ደግሞ ሰዓታቸውን ያያሉ። ካሜራው ያንን ሌንስ ስለማያውቀው ሁሉን ነገር በእጅ ነው የምሠራው፤ ይህ ደግሞ በችኮላ አይሆንም። እንደምንም አጥርቼ የግራውን አነሣሁ። ካሜራውን ልገፋ ስል ቀለበቱ ላላና ሌንሱ ተንገዳገደ። አጥብቄው ቀና ስል ሎደሩ ከደረጃው ጀርባ የግቢውን አጥር ይገፋል። አቧራው ሳይደርስብን የቀኙን አነሣሁና ሮጬ ኤዶ ሆደንን በክንዷ ይዤ አወረድኳት። ያን ሁሉ ዓመት የቆመ ደረጃ በሁለት ግፊት ፍርስራሽ ሆነ።

ቤት ገብቼ ሁለቱን አትሜ በመመልከቻው አየሁ። ደረጃው ግሩም ነው፤ ድንጋዩ ሁሉ እጅህን ብትዘረጋ የምትነካው ነው የሚመስለው። የኤዶ ሆደን ፊት ግን አልገጠመም። በግራው ወደ እኔ ታያለች፤ በቀኙ አንገቷን አዙራ ወደ ላይ ወደ ደረጃው ራስ ታያለች። በመመልከቻው ውስጥ ሁለቱ ፊቶች እየተፈራረቁ ይዋልላሉ። ልድገመው እንዳልል ደረጃው የለም። አለቀስኩ፣ አባዬ። ምን ብዬ እንደምነግራት ጠፍቶኝ ሁለት ቀን በጓሮ በር እየወጣሁ ተደበቅኋት።

በሦስተኛው ቀን ራሷ መጣች። ሎደሩ አስደንግጧት መዞሯን፣ ጥፋቱም የእኔ መሆኑን እየተንተባተብኩ ነገርኳት። እሷ ግን አልሰማችኝም፤ መመልከቻውን ከእጄ ወስዳ ዓይኗ ላይ አደረገች።

«ሎደሩን አልሰማሁም» አለችኝ። «ልጄ ስትወርድ የሰማኋት መስሎኝ ነው የዞርኩት። እንዲሁ ስጪኝ።»

ሁለቱን ፎቶ በነጭ ጨርቅ ጠቅልዬ ሰጠኋት። ዕድሜዬን ሙሉ አስታውስሃለሁ፣ አባዬ፤ ሌንስህንም ከእጄ አላወጣም። የተንቀሳቀሰ ሰው ፎቶ ግን ከእንግዲህ አልቀድም።

ልጅህ