ቁልፉንም ፍላሹንም ይዘው ዶካ ሠርግ ለሄዱት ሊቀመንበራችን

ለተከበሩ አቶ ጋረደው
የሰሊጥ ሠራተኞች መረዳጃ ማኅበራችን ሊቀመንበር
ገዳሪፍ

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደ ወንበርዎ የጸና ይሁንልዎ። የማኅበሩ ጸሐፊ የሆንሁት እኔ ናጂያ ይህን ደብዳቤ በቢሯችን በር ላይ የለጠፍሁት፣ በቃል የነገርሁዎትን ሁሉ ከሥራ ብዛት እንደሚረሱት ስለማውቅ ነው። ምስጋናዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

1. ስለ ጥንቃቄዎ። ባለፈው ኅዳር የማኅበሩን ላፕቶፕ ቫይረስ ስለበላው፣ ሁሉም ተደምስሶ ዊንዶውስ እንደ አዲስ እንዲጫንበት አዘዙኝ። እኔም ከመደምሰሱ በፊት የሁለት መቶ አሥራ አራት ሠራተኞችን ስም፣ ያገራቸውን ቀበሌና የቅርብ ሰዋቸውን ስልክ ወደ ፍላሽ መገልበጥ እንዳለብኝ አስረዳሁዎት። ተስማሙ። ከዚያም ላፕቶፑ እንዳይሰረቅ ብለው ከጧቱ ሦስት ሰዓት ላይ በሩን ከውጭ ቆልፈውብኝ ዶካ ሠርግ ሄዱ። ፍላሹ ከበሩ ቁልፍ ጋር በአንድ ማንጠልጠያ ላይ ስለነበር እሱም አብሮዎት ሠርገኛ ሆነ።

2. ስለ እርጋታዎ። ስደውልልዎ "ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነው፤ አትጨነቂ" አሉኝ። ወዲያው መብራት ጠፋ። ማራገቢያው ቆመ፣ የቆርቆሮው ጣሪያ ጋለ፣ ላፕቶፑም የሁለት ሰዓት ባትሪ ብቻ ቀረው።

በዚህ መካከል ውዴ የምትባል የመተማ ሴት በመስኮቱ ብረት በኩል ጠራችኝ። ወንድሟ አየነው ለሰሊጥ አጨዳ ባሱንዳ ከወረደ በኋላ ድምፁ ከጠፋ ሦስት ሳምንት ሆኖታል፤ ቢሯችንም ሁለት ጊዜ መጥታ ተዘግቶ አግኝታዋለች። መዝገቡን ከፍቼ በቅርብ ሰውነት ያስመዘገበውን የሥራ ጓደኛውን ስልክ አገኘሁና ደወልሁ። አየነውን እባብ ነድፎት ዶካ ሆስፒታል እንደተኛ፣ እህቱን ግን በምን እንደሚያገኟት እንዳላወቁ ነገረን። ውዴ ብረቱን እንደያዘች አለቀሰች። ከዚያ "በሩን ልስበረውና ውጪ" አለችኝ። በሩ ተሰብሮ ላፕቶፑ ቢጠፋ ሌባዋ እኔ እንደምሆን ስለማውቅ እምቢ አልሁ። የምትሳፈርበት ሎሪ እስኪነሣ፣ ስሞቹን በእጄ የምገለብጥበት ደብተር፣ እስክሪብቶና ውሃ ገዝታ በብረቱ አቀበለችኝ። እሷ ዶካ ደርሳ የወንድሟን እጅ ስትይዝ፣ እርስዎ እዚያው ዶካ ሠርግ ቤት ነበሩ። አየነው ድኗል፤ አልሐምዱሊላህ።

3. ስለ ቆራጥነትዎ። ባትሪው ሲያልቅ በእጄ የገለበጥሁት የመቶ ሠላሳ አንድ ሰው ስም ነበር። ከቀኑ ዐሥር ሰዓት ላይ መጥተው ሲከፍቱልኝ ሰማንያ ሦስት ስም እንደቀረኝ፣ መብራት እስኪመጣ አንድ ቀን ብቻ እንዲታገሡኝ ለመንሁዎት። "የሚጠፋው ስም እንጂ ሰው አይደለም፤ አታካብጂ" ብለው፣ በማግሥቱ ላፕቶፑን ራስዎ ገበያ ወስደው አስደመሰሱት።

ባለፈው ሳምንት ከቁረይሻ ሁለት ሠራተኞች መጡ። አንድ ጓደኛቸው በወባ ሞቶባቸው ቀብረውታል፤ ለእናቱ መርዶ የሚነግሩበትን ስልክ ፈልገው ነው። ደብተሩን ሦስት ጊዜ አገላበጥሁ። ስሙ ከሰማንያ ሦስቱ ነው። ያች እናት ዛሬም ልጄ ይመጣል ብላ መንገድ ታያለች። ይህን ልነግርዎ ቤትዎ መጥቼ ነበር፤ እንግዳ አለባቸው ተብዬ ተመለስሁ።

ስለዚህ በየዓርቡ ሎሪ መቆሚያው አጠገብ ተቀምጬ የቀሩትን እንደገና እመዘግባለሁ። የእርስዎን ፈቃድ አልጠየቅሁም፤ ለዚህ ድፍረቴ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

መልቀቂያዬን ሦስት ጊዜ አስገብቼ፣ ማኅተሙም ፊርማውም በእጅዎ ስለሆነ መውጫ ያጣሁት፣
ታዛዥዎ ናጂያ ሰላሃዲን
ታኅሣሥ 2004 ዓ.ም.

ማስታወሻ፦ ላፕቶፑ አሁን በደቂቃ ውስጥ እንደሚከፈት በስብሰባው ላይ በኩራት መናገርዎን ሰማሁ። እውነትዎን ነው፤ የሚሸከመው ሰው የለበትማ።